ቀይ በሰማያዊ

ኮሌጃችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከሥሩ ፌሮ ይሸጣል፣
መምህሩ ስለ ደም ሲናገር መጋዙ ብረት ይቆርጣል።
«ሄሞ—» ይላል፤ ይጮኻል።
«—ግሎቢን» ይላል፤ ይጮኻል።
ያ ቃል ደብተሬ ላይ ዛሬም ለሁለት ተሰብሮ ይኖራል።

እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ትላለች፤
«ላብራቶሪ ነው፣ እማ» ስላት፣ «ጋዋኑ ነጭ አይደለም እንዴ?» ብላ
እሁድ እሁድ ትተኩሰዋለች።

ሲፈን ራጅ ገባች፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ
የሚያነክስ ሰው ባየች ቁጥር «ቁርጭምጭሚት ነው» ትላለች፤
እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።
በእምነት ከፎቅ ከወደቀ ግንበኛ ጋር ደረጃ ሲቆጥር ይውላል፤
«አንድ… ሁለት…» ይላል፤ «ጎበዝ! ደግሞ ከአንድ» ይላል።
ማኅደር መድኃኒት ቤት ናት፤ ሐኪም ጽፎ ሐኪም የማያነበውን
እሷ ታነባለች።
የኔ ድርሻ መስኮት ነው፤
እጅ የምታሳልፍ፣ ፊት የማታሳልፍ ጠባብ መስኮት።
ብልቃጥ ይገባል፣ ወረቀት ይወጣል፤
ምርቃቱ ኮሪደሩን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል።

ጋሽ ደበሌ የብሎካችን ዘበኛ ናቸው።
ኮብልስቶኑን በከዘራ እየመቱ «እዚህ ምስር ነበረ» ይሉኛል፣
«እዚያ፣ ታንከሩ የቆመበት፣ ጓያ።»
የቱሉ ዲምቱን ትርጉም የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤
አራት ዓመት ኖሬበት፣ ቀይ ኮረብታ ማለት መሆኑን አላውቅም ነበር።
ማታ ማታ ይስላሉ።
አንደኛ ፎቅ ነን፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት መሆኑን
ከስልኬ በፊት ሳላቸው ይነግረኛል።

ለልምምድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ማክሰኞ፣ ቁጥር አርባ ሰባት፤
የማለዳ አክታ፣ ስም የሌለበት።
ስላይዱ ላይ ቀባሁ፤ አደረቅሁ፤ ቀዩን ቀለም አፈሰስኩ፣
ከሥሩ እሳት አሳየሁት፤ እስኪተን ድረስ ታገስኩ፣
በአሲድ አጠብኩ፤ በላዩ ሰማያዊ ደረብኩ።
«ሌላው ሁሉ ቀዩን ይለቃል» ብለውን ነበር አለቃችን ወይዘሮ ወርቅያንሱ፣
«አንዱ ብቻ እልኸኛ ነው፤ አሲድ አይበግረውም እሱ።»

የዘይት ጠብታ። ዓይኔ።
ሰማያዊ ሜዳ። ምንም።
ሰማያዊ ሜዳ። ምንም።
ሰማያዊ—
ቀይ።
ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ፣ ሜዳ ላይ የተጣለ የክብሪት እንጨት።
አጠገቡ ሌላ። ከሱ ወዲያ ሦስት።

ጻፍኩ፤ አለቃዬ አይተው ፈረሙ።
«አርባ ሰባት!»
በመስኮቷ እጅ ገባ፤
አውራ ጣቱ ማጭድ የቀመሰ፣ ጥፍር የሌለው፣
አምፖሉ የተቃጠለውን ደረጃ በባትሪ የሚያበራልኝ እጅ።
«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አሉ ከማዶ።
ዶክተር አይደለሁም አላልኩም።
ድምፄን እንዳያውቁት ዝም አልኩ።

ማታ እናቴ «ጋሽ ደበሌን ብርድ መታቸው መሰለኝ» አለች።
«ይሆናል» አልኳት።
ከማውቀው ውስጥ ለሷ የሚነገር አልነበረም፤
መስኮቱን ብቻ ከፈትኩ።
መድኃኒቱ ስድስት ወር ይዋጣል።
ምስር እንኳ ከዚያ ቀድሞ ይደርሳል።

በሁለተኛው ወር ሌላ ቁጥር መጣ፤ ያው እጅ።
መቶ መስክ ቆጠርኩ፤ አለቃዬ «በቃሽ» እያሉኝ ሌላ ሃምሳ ጨመርኩ።
ሰማያዊ ሜዳ። ምንም።
ሰማያዊ ሜዳ። ምንም።
እንደዚያን ቀን «ምንም»ን ወድጄው አላውቅም።

ትናንት በሩ ላይ አስቆሙኝ፤
«ለመሆኑ አንቺ ልጅ፣ ትምህርትሽ ምንድን ነው?»
«ላብራቶሪ።»
«እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?»
ትንሽ አሰብኩና
«መስኮት ጀርባ ይቀመጣል» አልኳቸው።
ሳቁ።
ሳሉን ጠበቅሁት፤ አልመጣም።